ከሀና ማርያም በታች የቆመችው ሚሌቼንቶ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ሰው ማስቸገር ነው። ይህን የምትለው ባለቤቴ ናት፣ እኔም አልክድም። ቧንቧ ሲንጠባጠብ እፈታለሁ፣ በር ሲንቋቋ ዘይት እቀባለሁ፣ የሚበላሽ ሲጠፋ ደግሞ ደህናውን ፈትቼ አየዋለሁ። በቀደም የጎረቤታችን ልጅ አንድ አሮጌ መኪና በገመድ አስጎትቶ መጣ። አጎቱ ግቢ ውስጥ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ብዙ ዓመት የከረመ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የሰፈሩ ጎረምሳ ተሰብስቦ ሊገፋለት እጅጌውን ሲጠቀልል በመስኮት አየሁና በነጠላ ጫማዬ ወጥቼ መኪናው ፊት ቆምኩ።

"አትገፉም" አልኳቸው።

እርስ በርስ ተያዩ። አንዱማ "አባባ፣ ፀሐዩ ጠና መሰለኝ" አለኝ። ላስረዳቸው ጀመርኩ፣ ግን ነገሩ ከጋሽ ማቴዎስ ካልተነሳ አይገባም፤ ጋሽ ማቴዎስ ደግሞ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ተነግሮ የሚያልቅ ሰው አይደለም። ስለዚህ ተቀምጬ ልጻፈው አልኩ።

የመካኒክነት ሥራ የጀመርኩት ግቤ በረሃ፣ በአንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ነው። የመጀመሪያው አለቃዬ ከድንኳኑ የማይወጣ፣ "ሲነሳ ንገሩኝ" ብቻ የሚል ሰው ነበር። እዚያ የተማርኩት ጥድፊያ ነው። ገልባጭ መኪና ከቆመ መንገዱ ይቆማል፣ መንገዱ ከቆመ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ ይጮኻል። ስለዚህ በሽቦም አስረህ፣ የሚያፈስ ታንከር በሳሙና ደፍነህም ታስነሳለህ። ነገ የነገ ሰው ያስብበት።

ደርግ ገብቶ ሁለት ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ ነፋስ ስልክ ወዳለ ጋራዥ ተመደብኩ። ጋራዡ የግለሰብ ነበር፣ ተወርሶ የመንግሥት ሆኗል። የተሾመብን ኃላፊ ጓድ ተሾመ ይባላል፤ በሙያው የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ሰኞ ሰኞ ስብሰባ ያደርግና "ስለ ወንዞች ጠይቁኝ፣ ስለ መኪና ግን ጋሽ ማቴዎስን" ይለናል። ደመወዛችን ትንሽ፣ መለዋወጫ ደግሞ እንደ ጨረቃ ሩቅ ነበር። ስለዚህ የተጣለ መኪና ማስነሳት ዋና ሥራችን ሆነ። በዚያ ዘመን ባለቤቱ የታሰረበት፣ የተሰደደበት፣ የሞተበት፣ ወይም ቤንዚን ያጣበት መኪና በየግቢው ቆሞ ነበር።

ጋሽ ማቴዎስ ከወላይታ የመጣ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ጣልያን ጋራዥ ያደገ፣ ወፍራምና ዘገምተኛ ሰው ነው። ጴንጤ ነበር። ጸሎት ቤታቸው ስለተዘጋ በየሰው ቤት ተደብቀው ይሰበሰቡ ነበር፤ ሁላችንም እናውቃለን፣ ማናችንም አናነሳም። ሲሠራ ብቻ ቃል የሌለው መዝሙር በአፍንጫው ያንጎራጉራል። ብሎን ሲፈታ እያንዳንዱን በየሳርዲን ቆርቆሮው ያስቀምጣል፤ አንዱን ቆርቆሮ ከቦታው ያነቃነቀ ሰው ያን ቀን ሰላምታ አያገኝም።

ብዙ ጊዜ የቆመ መኪና ሲመጣ ኮፈኑን አይከፍትም። በርጩማ ያመጣና መኪናው አጠገብ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። መጀመሪያ እኔ ስንፍና ነበር የመሰለኝ። በኋላ ግን አስተዋልኩት፦ ጎማው ወዴት እንዳዘነበለ፣ ዝገቱ ከላይ ነው ከታች፣ አይጥ በየት እንደገባች፣ ሁሉን የሚያየው ሻይ ሲጠጣ ነው። ሻዩን ሲጨርስ ባለቤቱን አንድ ነገር ይጠይቃል። ሌላው መካኒክ "መቼ ቆመ?" ይላል። እሱ "እንዴት ቆመ?" ነው የሚለው። ደህና ሆኖ በራሱ ገብቶ የቆመና ታሞ ተገፍቶ የቆመ መኪና አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን ታስነሳዋለህ፣ ሁለተኛውን መጀመሪያ ታክመዋለህ።

የሚጠላው ነገር ግፊ፣ ማለት መኪና ገፍቶ ማስነሳት፣ ነበር። እኛ ዘንድ መኪና ሲቆም ማን ይጠየቃል? ከሱቅ በራፍ፣ ከታክሲ ወረፋ፣ ከለቅሶ ድንኳን ሳይቀር ሰው ይነሳና ትከሻውን ይሰጣል። ሲነሳ ያጨበጭባል፣ ስሙን ሳይናገር ይሄዳል። እኔ እስከ ዛሬ ከዚህ የበለጠ ደስ የሚለኝ የአገሬ ጠባይ የለም። ዓመታት ውጭ ለቆመ ሞተር ግን ግፊ መርዝ ነው። ጋሽ ማቴዎስ ይህን ያወቀው በመጽሐፍ አይደለም።

ብስራተ ገብርኤል አካባቢ አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ ነበሩ። ጥቁር የቤት መኪናቸው ከቤታቸው ጓሮ፣ ጥድ ሥር ለዓመታት ቆሟል። ልጃቸውን ሲድሩ ሙሽራዋ በዚያ መኪና እንድትወጣ ፈለጉ። እኛ ሲሊንደሮቹ ውስጥ ዘይት ጨምረን ሞተሩን በእጅ ማዞር ጀምረን ነበር፤ ግን አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ያዝ ያደርጋል። ጋሽ ማቴዎስ ጊዜ ስጡኝ አለ። ሠርጉ ግን ቀኑ ተቆርጧል። ቅዳሜ ከሰዓት ሚዜዎቹ እየዘፈኑ መጡና ካልገፋን አሉ። ጋሽ ማቴዎስ "ይቅር" አለ፤ ደግሞም "ይቅር" አለ። ዳኛው እጃቸውን ዘረጉ። ቁልፉን ሰጠ።

ቁልቁለቱን ሲለቁት ወዲያው ተነሳ። እልልታው ቀለጠ፣ እኔም አጨበጨብኩ። በማግስቱ፣ አበባ ተጠምጥሞበት ወደ ሳር ቤት ሲወርድ፣ ሞተሩ ውስጥ መዶሻ የወደቀ የሚመስል ድምፅ ተሰማና መሀል መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ፋሻው፣ ማለት ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት፣ ዝጎ ከፒስተኑ ጋር ተጣብቆ ኖሯል። በግድ ሲዞር ተሰበረ፣ ስብርባሪው ሲሊንደሩን ፈጨው። ሙሽራዋ ወርዳ በሰው ቮልስ ተጫነች፤ የቬሎዋ ጫፍ በበሩ ተይዞ አቧራ ሲጠርግ ሄደ። ያ መኪና ዳግመኛ አልተነሳም። ዳኛው በሳምንቱ ጋራዥ ድረስ መጥተው "እናንተ ምን ታደርጉ፣ ያጣደፍኳችሁ እኔ ነኝ" አሉ። ቢሰድቡን ይሻለን ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ግን አፍሰን የምንለቅመው እንኳ አልነበረንም። ጋሽ ማቴዎስ የተሰበረውን ፒስተን አጥቦ መደርደሪያ ላይ አኖረው። ከዚያ በኋላ ሻዩን የሚጠጣው እሱን እያየ ነበር።

ወይዘሮ ዘይነባ የመጣችው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በሰባዎቹ አጋማሽ፣ አንድ የመጋቢት ማታ ከሥራ ስንወጣ ነው። በራፉ ላይ ቆማ ስትጠብቀን ነበር። ቀጭን፣ ነገሯን ቶሎ የምትናገር ሴት ናት።

"ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት የቆመ የሚያስነሱት?"

"እሞክራለሁ፣ እህቴ።"

"የባሌን መኪና አስነሱልኝ። መኪናዋን ፈልጌ አይደለም። ሰውየውን ፈልጌ ነው።"

ቆማ ነገረችን። ባሏ ከድር የታክሲ ሾፌር ነበር። በዚያ በቀውጢው ጊዜ የጫነው ተሳፋሪ የሚፈለግ ሰው ሆኖ ተገኘና ከድርንም ከግቢው ወሰዱት። ሰባት ዓመት ታሰረ። አሁን ተፈትቶ ከገባ ወራት ሆነው፣ ግን ጓዳ ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል። ሲሰጡት ይበላል፣ ሲጠሩት ዝም። መስጊድ እንኳ አይሄድም፣ ደጃፉን አልተሻገረም።

"ወንድሞቹ ክረምት ሳይገባ ቡታጅራ እንውሰደው እያሉ ነው" አለች። "እዚያ ከሄደ እንደዚሁ ሆኖ ይቀራል፣ አውቀዋለሁ። እኔ ሰባት ዓመት ጠብቄ የመጣልኝ ሰውነቱ ብቻ ነው። የመኪናዋን ድምፅ ቢሰማ ይወጣ ይሆናል። ድምጿን ከእኔ ድምፅ በላይ ያውቀዋል።" ይህን ስትል ትንሽ ፈገግ አለች።

ጋሽ ማቴዎስ አንገቱን ነቀነቀ። "ከእሁድ ጀምረን እንመጣለን" አለ። እኔን አልጠየቀኝም፣ የሚጠይቅም አልነበረም።

ሀና ማርያም ያኔ ገጠር ነው፤ ከቤቱ ማሳው ይበዛል። ግቢያቸው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ቁልቁል የሚወርድ መንገድ አፍ ላይ ነበር። ታክሲዋ፣ ሚሌቼንቶ የምትባለው የጣልያን ፊያት፣ ባሕር ዛፍ ሥር ቆማለች፤ ሰማያዊና ነጭ ቀለሟ ተልጧል፣ ጎማዎቿ መረሬው ጥቁር አፈር ውስጥ ሰምጠዋል። ዘይነባ በሰሌንና በላስቲክ ሸፍና ድንጋይ ጭናባታለች፤ ክረምት በወጣ ቁጥር ሰሌኑን ትቀይር ነበር። የኋላ ወንበሩ ላይ አንዲት ቀይ ዶሮ ታቅፋ አገኘናት። ላባርራት ስል ጋሽ ማቴዎስ ክንዴን ያዘኝ።

"ሥራው እስኪደርስባት ተዋት። ነዋሪ አታፈናቅል።"

በርጩማ ተሰጠው፣ ሻይ ቀረበለት። ጠጥቶ ሲጨርስ እንደ ልማዱ ጠየቀ። "እህቴ፣ እንዴት ቆመች? ደህና ሆና ገባች ወይስ ታማ?"

"እኔ የዚያን ዕለት ለለቅሶ ቡታጅራ ነበርኩ። ስመለስ በሩ ክፍት ነው፣ ቁልፉ መኪናዋ ላይ ነው፣ እሱ የለም። ነቅዬ አስቀመጥኩት። ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም።"

ጋሽ ማቴዎስ ተነስቶ የጓዳው በር ላይ ቆመ። እኔም ከኋላው አየሁ። አንድ ትከሻው የጎበጠ ሰው ጋቢ ለብሶ ግድግዳ ያያል። "ከድር ወንድሜ፣ ማቴዎስ እባላለሁ፣ መካኒክ ነኝ። መኪናዋ እንዴት እንደቆመች ብትነግረኝ ሥራዬ ይቀለኛል።" ከድር አልዞረም። ጋሽ ማቴዎስ ትንሽ ጠበቀና "እሺ፣ ሌላ ጊዜ" ብሎ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ እሁድ በመጣን ቁጥር ሥራ ከመጀመሩ በፊት እዚያው በር ላይ ቆሞ ያንኑ ይጠይቃል፣ ይጠብቃል፣ "እሺ፣ ሌላ ጊዜ" ይላል።

የቤንዚን ታንከሩን ስንከፍት ደረቅ ነው። የቆየ ቤንዚን እንደ ሙጫ ይወፍራል፣ ሽታውም አፍንጫ ይሰብራል። ይሄ ግን ባዶ ነበር። ጋሽ ማቴዎስ አሽትቶ "ማን ቀዳው?" አለ።

ዘይነባ ቆጣ አለች። "የዚህ ሰፈር ሰው ሌባ አይደለም፣ ጋሼ።"

"ሌባ አላልኩም። አልገባኝም ነው ያልኩት።"

ሞተሩ ንክች ብሎ ተይዟል። አራቱን ካንዴላዎች፣ ማለት ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን፣ ፈታንና በየቀዳዳው ዘይት ከላምባ ጋር ቀላቅለን ጨምረን ተውነው። በሚቀጥለው እሁድ ጋሽ ማቴዎስ ማኖቬላውን፣ ማለት ሞተሩን ከፊት በእጅ የሚያዞሩበትን ብረት፣ አስገባና በሁለት ጣቱ ብቻ ገፋ አደረገው። አልነቃነቅም አለ። "ገና ናት" አለና አወጣው። ዘይቱን ጨምረን ሌላ ሥራ ያዝን። የፍሬኗ ሸራ ዝጎ ከጎማው ከበሮ ጋር ተጣብቆ ነበርና በመዶሻ እጀታ ቀስ እያልን አስለቀቅነው። ካርቦሬተሩን አውርደን ቀዳዳዎቹን በፈረስ ጭራ ጸጉር ጠረግን። ፑንቲናውን፣ የእሳቱን ማቋረጫ ጫፍ፣ በክብሪት ቀፎ ጎን ሞረድነው። ማርሚታው፣ የጭስ ማውጫው ሆድ፣ ውስጥ ተርብ ቤት ሠርቶ ስለነበር እኔ ሁለት ቦታ ተነደፍኩ፤ ዘይነባ ነጭ ሽንኩርት ስትቀባኝ ጋሽ ማቴዎስ ጀርባውን ሰጥቶ ሳቀ።

እሁዶቹ አለፉ፣ ሞተሩ እምቢ አለ። ሚያዝያ ሄደ። እኔ የግቤ ልጅ ነኝ፣ ትዕግሥቴ አለቀ። አንድ ቀን ጋሽ ማቴዎስ ውሃ ሊጠጣ ሲገባ፣ ረጅም ቧንቧ ማኖቬላው ላይ ሰክቼ በሙሉ ክብደቴ ልጫነው አሰብኩና መዶሻ ለማውጣት የመሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ እጄን ሰደድኩ። እጄ የነካው የዳኛውን ፒስተን ነው። ከመደርደሪያው አንስቶ እዚያ ያስቀመጠው መቼ እንደሆነ አላውቅም። ቧንቧውን ወደ ቦታው መለስኩ። ሲወጣ አየት አድርጎኝ መዝሙሩን ቀጠለ።

ግንቦት እኩሌታ ላይ በሁለት ጣቱ ሲገፋው ማኖቬላው ቀጭ አለና የጣት ውፍረት ያህል ሄደ። ደግሞ ተመለሰ። ደግሞ ሄደ። ጋሽ ማቴዎስ ዓይኑን ጨፍኖ የሆነ ነገር አጉረመረመ፤ ጸሎት ይመስለኛል። ዘይነባ ወደ ጓዳው ሮጠች፣ ወዲያው ተመለሰችና በሹክሹክታ "ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል" አለችን። እኔ በዚያ ሥራ ዘመኔ ብዙ ደመወዝ ተቀብያለሁ፣ አንዱም እንደዚያ አላስደሰተኝም።

በቀጣዩ እሁድ ማኖቬላው የትም ሳይይዝ ሙሉ ዙር ዞረ። ግን ጊዜው አለቀብን። ወንድሞቹ ለመጪው እሁድ እንመጣለን ብለው ላኩ። ዘይነባ ጭንቋን ለዕድሩ ዳኛ ለአቶ በየነ ነገረች። አቶ በየነ አዛውንት ናቸው፣ አጥራቸው ከነዘይነባ አጥር ጋር ይዋሰናል። እሁድ ጠዋት ስንደርስ ግቢው ሰው ሞልቶታል። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ገበሬውም የፋብሪካ ሠራተኛውም፣ ኮቱን አጥሩ ላይ ሰቅሎ ይጠብቀናል።

"ምን ተገኘ?" አለ ጋሽ ማቴዎስ።

"ልንገፋ ነዋ" አሉ አቶ በየነ። "ለቀበሌውም የልማት ዘመቻ ነው ብዬ ነግሬያለሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። መንገዱ ቁልቁለት ነው፣ አንዴ ብንለቃት ትነሳለች።"

ጋሽ ማቴዎስ ሄዶ መኪናዋ ፊት ቆመ። "አትገፉም።"

ዕርዳታ የተመለሰበት ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። አንዱ "እኛ ሰው አይደለንም?" አለ። ሌላው ኮቱን አወረደ። እኔ ጋሽ ማቴዎስን አየሁት፤ የጡረተኛውን ዳኛ ግቢ ያሰበ መሰለኝ፣ ፊቱ አመድ ሆኗል። ዘይነባ መሀላቸው ቆማ አንዴ ወደ መንገዱ፣ አንዴ ወደ ጓዳው ታያለች።

አቶ በየነ ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ስማኝ ወንድሜ" አሉ። "ይህን ሰው ሲወስዱት መኪናዋን እንኳ እንዲያጠፋ አልፈቀዱለትም። ጠዋት ነበር። እኛ በራችንን ዘግተን ተቀምጠናል። እስከ ከሰዓት ድረስ ብቻዋን ስትሠራ ሰምተናል፣ ቤንዚኗ እስኪያልቅ። ገብቶ ቁልፉን የሚያዞር አንድ ሰው ከዚህ ሰፈር አልወጣም። እኔም አልወጣሁም። ለሚስቱም አልነገርናትም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፣ እኔን ግን ሆዴን ሲበላኝ ነው የኖረው። አሁን ደግሞ አትገፉም ትለናለህ።"

ዘይነባ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ጋሽ ማቴዎስ እጁን ኮፈኑ ላይ አኖረ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ "እንግዲያው ደህና ሆና ነው የቆመችው። እየሠራች ነው የቆመችው።" ወደ እኔ ዞረ። "ካንዴላዎቹን ፍታቸው። አራቱንም።"

ያኔ ገባኝ። ለጎረቤቴ ልጅ ልነግረው የፈለግሁትም ይህን ነበር። ካንዴላው ከወጣ ሞተሩ ውስጥ ግፊት የለም፣ በቀዳዳው ይተነፍሳል። አዲስ ዘይት ካለውና በመጨረሻው ማርሽ ቀስ ብሎ ከተገፋ ያለ ጭንቅ ይዞራል፣ ዘይቱም በየመገጣጠሚያው ይደርሳል። ሞተሩ እንዲነሳ የሚገፋ ግፊ ሌላ ነው፣ እንዲለሰልስ የሚገፋ ግፊ ሌላ ነው። በማኖቬላ ብቻ ስንት እሁድ የሚፈጀውን ያ ሁሉ ትከሻ በአንድ ጠዋት ይጨርሰዋል። ጋሽ ማቴዎስ ይህን ለሁሉም አስረዳና "ቀስ ብላችሁ፣ ሙሽራ እንደምትሸኙ" አለ።

ዶሮዋ እንደገና ከጣለቻቸው እንቁላሎች ጋር በቅርጫት ወረደች። እኔ መሪውን ያዝኩ። መንገዱ ላይ አወጧትና መግፋት ጀመሩ። ማርሽ የሚቀየርባት ዘንግ መሪው ሥር ናት፤ አራተኛ ላስገባ ስሞክር ትፋጫለች፣ እምቢ ትላለች። ደግሜ ሞከርኩ፣ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ አወጣች። ያን ጊዜ ከቤቱ በኩል ወፍራም፣ የሻገተ የሚመስል ድምፅ መጣ።

"ወደ ራስህ ስበህ ነው ወደ ታች የምትላት።"

የሚገፉት ሁሉ ባሉበት ቆሙ። ከድር ደጃፉ ላይ ነበር። በባዶ እግሩ፣ ጋቢውን እየጎተተ መጣ፣ ሰዉ መንገድ ከፈተለት። በእኔ በኩል ያለውን በር ከፈተና "ውረድ" አለኝ። እንደዚያ በደስታ የታዘዝኩት አለቃ የለኝም። ተቀመጠ፣ ዘንጓን ወደ ራሱ ስቦ ወደ ታች አላት፣ ያለ ድምፅ ገባች።

"ግፉ" አለ።

ገፉ። ጭስ የለም፣ ጩኸት የለም፤ ከካንዴላው ቀዳዳ እፍ እፍ የሚል ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ቁልቁል ወስደው ሽቅብ መለሷት፣ ደግመው ወሰዷት። ደክሟቸው ሲቆሙ አቶ በየነ መስኮቱን ተደግፈው ላባቸውን እየጠረጉ ነበር። ከድር ሳያያቸው "ሰምታችሁ ነበር?" አላቸው።

"ሰምተናል፣ ልጄ።"

"እኔም እስከ መታጠፊያው ድረስ ሰምቻታለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ስተኛ የምሰማው እሷን ነው። አላጠፋኋትም፣ አላጠፋኋትም እያልኩ።" ከዚያ ወደ ጋሽ ማቴዎስ ዞረ። "ጋሼ፣ ሲጠይቁኝ ሰምቼ ነበር። ደህና ነበረች። ምንም አልነበራትም።"

"አውቄአለሁ ወንድሜ" አለ ጋሽ ማቴዎስ። "አሁንም ምንም የላትም።"

ካንዴላዎቹን መለስን። በኩፖን ያጠራቀምነውን ቤንዚን ቀዳን። ጓድ ተሾመ ከጋራዡ ፒክአፕ እስከ ሰኞ ጠዋት ያዋሰኝን ባትሪ አሰርኩ። ጋሽ ማቴዎስ ቁልፉን ከዘይነባ ተቀብሎ ለከድር ሰጠው። ሲያዞረው ማስነሻዋ ሞተሪኖ አጉረመረመች፣ ሳለች፣ ዝም አለች። ሁለተኛ፣ ጥቁር ጭስ ተፋች። ሦስተኛው ላይ ያዘች። መጀመሪያ ተንቀጠቀጠች፣ ቀጥሎ ረጋች። እልልታው ከማሳው ማዶ ድረስ የተሰማ ይመስለኛል። ዘይነባ እልል አላለችም፣ አጥሩን ይዛ አለቀሰች።

ወንድሞቹ በዚያው ደረሱ፣ በሩ ላይ ሐውልት ሆነው ቀሩ። ሁላችንም አሁን ይነዳታል ብለን መንገድ ለቀቅን። ከድር ግን አልነዳም። ጆሮውን ሰጥቶ ለረጅም ጊዜ አዳመጣት። ከዚያ እጁን ዘረጋና ቁልፉን አዞረ። ዝም አለች።

ሰው ደነገጠ። አንዱ "ጠፋች!" አለ።

"አልጠፋችም" አለ ከድር። "እኔ ነኝ ያጠፋኋት።" ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። "ነገ ጠዋት አስነሳታለሁ።"

በማግስቱ ከሥራ በፊት ባትሪውን ላመጣ ወደ ሀና ማርያም ወጣሁ። ጓድ ተሾመ በዚያ ፒክአፕ ስብሰባ ሊሄድበት ነበርና እየሮጥኩ ነው የደረስኩት። ባሕር ዛፉ ሥር አራት ጎድጓዳ ብቻ አለ። ቀይዋ ዶሮ ቤቷን አጥታ በጎድጓዶቹ መሀል እየዞረች ትንጫጫለች። ዘይነባ ግቢውን ትጠርግ ነበር።

"ባትሪው?" አልኳት።

"ከሷ ጋር ነዋ።"

"ከድርስ?"

መጥረጊያዋን አቆመች። መልሱን አፏ ውስጥ ትንሽ ያቆየችው መሰለኝ።

"ሥራ ሄዷል" አለችኝ።